ረጅሙን ክንፍ የመረጥኩ ዕለት

የጥሬ ዓሣ ሽታ ዛሬም ያንገሸግሸኛል። ባለፈው ሳምንት ማራኪ በሚባለው ሰፈር አዲስ በተከፈተ ምግብ ቤት በር ላይ ሳልፍ አንዲት ሴት የዓሣ ቅርፊት ትፍቅ ነበር፤ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ። ልጆቼ በዚህ ጠባዬ ይስቁብኛል፣ ቅንጦተኛ ይሉኛል። ቅንጦት አይደለም። ነገሩ ሌላ ነው፤ ስትጠይቀኝ ከርመሃልና ልንገርህ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የፈተና ውጤት እጠብቃለሁ። አባቴ ሆስፒታል ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ነበር፤ አብሮት ደግሞ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ ቀዶ ሐኪም ይሠራል። ይህ ዶክተር እሑድ እሑድ አንድ ረጅም ሳንቃና የተጠቀለለ ሸራ መኪናው ጣሪያ ላይ አስሮ፣ በአዘዞ በኩል ወደ ጎርጎራ ይወርዳል። እዚያ ሳንቃው ላይ ይቆምና ሸራውን በሁለት እጁ ይዞ፣ በነፋስ ብቻ ጣና ላይ ይበራል። ኬላ ላይ የሚያስተረጉምለት ሰው ሲፈልግ አባቴ እኔን ሰጠው። የሐይቅ ውሃ ሲባል ቢልሃርዚያ ብቻ የሚታየው አባቴ፣ በየወሩ ሰገራዬን እንዳስመረምር አስምሎኝ ነው የፈቀደልኝ።

ዶክተሩ ቀስ በቀስ ሳንቃው ላይ መቆም አስተማረኝ። መቶ ጊዜ ወድቄ ቻልኩበት። ቀበሌ ስብሰባ ተቀምጠን ማጨብጨብ በሰለቸን ዘመን፣ ማንም በማያዝህ ውሃ መሃል ብቻህን መቆም ምን እንደሆነ እንዴት ብዬ ላስረዳህ። ሌሊት እንኳ መዳፌ የሸራውን እጀታ የያዘ እየመሰለኝ ነበር የምተኛው።

ከዚያ የዶክተሩ ኮንትራት አለቀ። ሳንቃውን እንደሚተውልኝ ነገረኝ፣ አንድ ነገር ግን አስቀደመ። ብቻዬን ከዳር ተነስቼ፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የበቀለበትን ጥግ ዞሬ ከተመለስኩ የእኔ ነው። ካልሆነ በእሱ ቦታ ለሚመጣው ሐኪም ይተላለፋል። ከዚያ በላይ የፈለግሁት ነገር በዓለም ላይ አልነበረም፤ የፈተናውን ውጤት እንኳ ረስቼዋለሁ።

ከሳንቃው ሥር፣ በኋላ በኩል፣ እንደ ዓሣ ክንፍ ያለ ነገር ይሰካበታል። እሱ ባይኖር ሳንቃው ነፋሱ በገፋው በኩል ወደ ጎን ይንሸራተታል። ዶክተሩ ሦስት ክንፎች ነበሩት፤ ሁልጊዜ መርጦ የሚሰካውም ራሱ ነው። የዚያን ዕለት ግን ሦስቱንም ፎጣ ላይ ደረደረና ውሃውን አይተህ አንተ ምረጥ አለኝ። ሲጋራውን ለኩሶ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። አንደኛው ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ነበር። ሁለተኛው መካከለኛ ነው። ሦስተኛው አጭር ሆኖ ወደ ኋላ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ ጫፉም የተፋፋቀ ነበር።

ዳሩ ላይ አንድ ታንኳ ቀዛፊ ተቀምጦ አምባዛ፣ ያን ቅርፊት የሌለው ሙልጭልጭ ዓሣ፣ እየሰነጠቀ ሆድ ዕቃውን ይዘረግፋል። ሰውየውን በየሳምንቱ እናየዋለን። ከእነዚያ ሐይቁ ዳር ከሚኖሩ፣ እኛ ከተሜዎቹ ጉማሬ በሊታ እያልን ከምንጸየፋቸው ሰዎች አንዱ ነው። እኔ ጉማሬ ሲበላ አይቼው አላውቅም። በነካው ዕቃ አንበላም፣ በጠጣበት አንጠጣም፤ ይህን ማንም አስቀምጦ አላስተማረኝም፣ ዝም ብሎ አብሮኝ ያደገ ነገር ነው። ዕድሜው ከአባቴ ይበልጣል፤ አያ ብዬ ልጠራው ሲገባኝ አንተ ነበር የምለው።

እጁን በውሃው ለቅለቅ አድርጎ መጣና ክንፎቹን ተመለከተ።

«ልጄ፣ ሸጋው ያ አጭሩ ነው» አለኝ። «ጥጉ ጋ ውስጡ ሁሉ ሣር ነው። ረጅሙን አንቆ ይይዘዋል። አጭሩ ሣሩን እያንሸራተተ ያልፋል።»

ሽታው ከእሱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ትንፋሼን ያዝኩና ፊቴን አዞርኩ። አልሰማሁም እንዳልልህ ሰምቼዋለሁ፣ ገብቶኛልም። እዚያ ውሃ ላይ ተወልዶ ያረጀ ሰው መሆኑንም አውቃለሁ። ግን ያን አጭር ክንፍ እሱ በጣቱ ሲጠቁመው ክንፉም የሸተተኝ መሰለኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ረጅሙን አንስቼ ሰካሁ። አሁን ይህን ሳወራልህ እንኳ አፌ ይመርረኛል።

ነፋሱ ጥሩ ነበር። ሸራው ሞላ፣ ውሃው ከእግሬ ሥር ያፏጫል፣ ፀሐዩ ዐይን ይወጋል። ሳንቃው የእኔ ሆነ ብዬ ነበር። ጥጉ ጋ ስደርስ ግን እንደ ለገመ በቅሎ ቀጥ አለ። ወደፊት ተወረወርኩ፣ ሸራው ከላዬ ወደቀ፣ ሣሩ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። የበሰበሰ ጎመን የሚሸት ውሃ በአፌም በአፍንጫዬም ገባ። አልሞት ባይ ተጋዳይ ሆኜ ሸራውን ከሥር ስደበድብ አንድ ሰው ገለጠልኝ። መጀመሪያ ብርሃን አየሁ፣ ቀጥሎ ታንኳውን፣ ከዚያ ወደ እኔ የተዘረጋውን እጅ። የአምባዛው ደምና ዝልግልግ ገና አልለቀቀውም።

አልያዝኩትም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፣ አንድ ትንፋሽ ቢሆን ነው። እሱ ግን ገባው። እጁን ሰበሰበና የቀርከሃ መቅዘፊያውን ዘረጋልኝ።

«በል እሱን ያዝ» አለኝ።

ያዝኩ። ታንኳው ላይ ተደፍቼ ሳስታውክ እሱ ወደ ሌላው ጫፍ ሸሽቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ሳንቃውን በገመድ እየጎተተ ቀዘፈ። ዳር ስንደርስ ዶክተሩ ፎጣ አለበሰኝ፣ ደረቴን አዳመጠ፣ ከዚያ ሳንቃውን ገልብጦ አየው። ክንፉ የለም። ብሎኑ ተሰብሮ ሣሩ ውስጥ ቀርቷል። ዶክተሩ አልተቆጣም፤ ሳንቃውን መኪናው ላይ ማሰር ጀመረ። ከእጄ እንደወጣ ያን ጊዜ ገባኝና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ልንነሳ ስንል ታንኳ ቀዛፊው ተመልሶ መጣ። ለካ ወደ ጥጉ ሄዶ፣ ጠልቆ ክንፉን አውጥቶታል፤ ራሱ ውሃ ያንጠባጥባል። ክንፉን በእርጥብ ደንገል ጠቅልሎ ይዞታል። እጄ ላይ አልሰጠኝም። ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው።

«ውሰደው ልጄ» አለኝ። «በደንገል ነው የያዝኩት፣ እጄ አልነካውም።»

በምሬት አላለውም። እኔ እንዳልቸገር ብሎ ነው፤ ለሰው መንገድ እንደሚለቅ ሰው በትህትና ነው ያለው። ይህን ስሰማ ያፈርኩ መስሎህ ይሆናል። ማፈሩ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን እፎይ አልኩ። እፎይ ብዬ ሄጄ አነሳሁት።