የሠርቶ ማሳያው እሸት

ያ ሰው ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የእርሻ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ ለክረምት የሥራ ልምምድ ዳንግላ አጠገብ ወደሚገኝ የበቆሎ ሠርቶ ማሳያ ተላክሁ። የማሳው ኃላፊ እሱ ነበር። በቆሎውን ገበሬው አይቶ እንዲማር ብሎ ገበያ መንገድ ዳር አስዘርቶታል።

በእኛ አገር መንገደኛ እሸት ቀጥፎ እዚያው ቆሞ ቢበላ የሚቆጣው የለም፤ ነውሩ ይዞ መሄድ ነው። አንድ የገበያ ቀን ኃላፊው አንዲት እርጉዝ ሴት ማሳው ዳር ቆማ እሸት ስትበላ አየና እየሮጠ ሄዶ ከአፏ ነጠቃት። ጭቃ ላይ ጥሎ በጫማው ረገጠው። ሴትዮዋ በአገውኛ የምትለውን ተረጎምሁለት፤ “እዚሁ ነው የበላሁት፣ ምን ይዤ ሄድሁ?” ነበር ያለችው።

“እሸት እኮ አይከለከልም ጌታዬ፣ ያውም ለእርጉዝ” አልሁት።

“ይህ የምርምር በቆሎ ነው! አንዲት ፍሬ ሳትቀር ትመዘናለች!” ብሎ አንባረቀብኝ።

በሳምንቱ፣ እንደገና በገበያ ቀን፣ ከአዲስ አበባ እንግዶች በላንድሮቨር መጡለት። ያው ሰው ወፍራም ወፍራሙን አስቆረጠኝ፤ እዚያው ማሳው ዳር እሳት አስነድዶ አስጠበሰኝ። እንግዶቹ እስኪበቃቸው ጋጡ። ይህ አልበቃ ብሎ የቀረውን በጆንያ አስሞልቶ መኪናቸው ላይ አስጫነ።

“ምዘናውስ?” አልሁት።

“አንተ ደግሞ! ይልቅ ብላ” ብሎ አንድ ጥብስ ዘረጋልኝ። አልተቀበልሁትም።

ከገበያ የሚመለሱት ገበሬዎች መንገዱ ዳር ቆመው ጆንያው ሲጫን ያያሉ። አይተው እንዲማሩ አይደል የተዘራው?