በመደርደሪያው ላይ የነበሩት ብሎኖች

ባለፈው ሳምንት ጎሚስታው ከመኪናዬ ጎማ የፈታውን የዛገ ብሎን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «እትዬ፣ ይህማ መቀየር አለበት» አለኝ። እርጥብ የብረት ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ነጠላዬን ሰብስቤ ተከናነብሁ። ሰውየው የበረደኝ መስሎት ወንበር ወደ ፀሐይ አወጣልኝ። ለአንተ ግን፣ ልጄ፣ የሆነውን ልንገርህ።

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከጓሳ ተራራ ወዲህ ባለች ትንሽ ከተማ የአንድ ግብርና መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኜ ተቀጠርሁ። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ደንብ ማለት እኔ ነኝ ብዬ የማምን ልጅ ነበርሁ።

መሥሪያ ቤቱ አንድ ፒካፕና ከኋላው የሚጎተት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ነበረው። ሹፌሩ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ነበሩ። ተሳቢው መጠለያ ስላልነበረው ክረምቱን ሙሉ ጉም ውስጥ ያድራል። እሳቸው ከመንገድ በተመለሱ ቁጥር ጭቃውን አጥበው፣ የጎማውን ብሎኖች ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጠርገው ዝገት እንዳይበላቸው ግራሶ በስሱ ይቀቧቸው ነበር።

ግራሶው ባለቀ ጊዜ ወረቀት ይዘው መጡ፤ ግራሶ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ለተሳቢው አራት ብሎን። ብሎኖቹ ከጀርባዬ፣ መደርደሪያው ላይ ነበሩ።

«ጋሼ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፊርማ የለበትም» አልኋቸው።

«ለስብሰባ ሄዷል። ብሎኖቹ ተበልተዋል፣ ልጄ።»

«ሲመለስ ይፈርምልዎታል። ደግሞ ግራሶ የተፈቀደው ለሞተር ነው።»

«ተሳቢው ሞተር የለውም» አሉ ረጋ ብለው፤ «ጎማ ግን አለው።»

ወረቀቱን ተቀብዬ መስኮቱን ዘጋሁት።

ኃላፊው ሳይመለስ፣ በራቤል በኩል በጎች በበሽታ እያለቁ ነው የሚል መልእክት መጣ። የፒካፑ ጀርባ በመርጫ መሣሪያና በናፍጣ በርሜል ስለሞላ ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ተሳቢው ላይ ተጫነ። ሁለት ክትባት ሰጪዎች ሳጥኖቹን ደግፈው እዚያው ተቀመጡ። እኔ ለርክክቡ ጋቢና ገባሁ። ሹፌሩ ከመነሳታችን በፊት ተንበርክከው ብሎኖቹን በጣታቸው ዳሰሱ። ቀና ብለው አዩኝ። «በቀስታ እንሄዳለን» ብቻ አሉ።

ጓሳን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጉሙ ወረደ። ከኋላ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማን፤ ወዲያው ሌላ። በመስተዋቱ አንድ ጎማ ብቻውን እየተንከባለለ ገደል ሲገባ አየሁት። ተሳቢው በአንድ ጎኑ ዘንብሎ መሬቱን እየፋቀ ወደ ጠርዙ ተንሸራተተ፤ የእኛንም መኪና ኋላውን ይዞ ጎተተ።

ሹፌሩ ፍሬኑን ረግጠው መሪውን ጨብጠው ያዙ። ከኋላ ክትባት ሰጪዎቹ ልጆች ማርያም ማርያም ይላሉ።

«አንድ በአንድ! እንዳትዘሉ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ። ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ወትፊ» አሉኝ።

ድንጋይ እያንከባለልሁ አምጥቼ ወተፍሁ። ሁለተኛው ልጅ ሲወርድ ተሳቢው ክንድ ያህል ተንሸራተተ፤ ባልደረባው ኮቱን ይዞ ጎተተው። ሹፌሩ ወርደው ተሳቢውን ከመኪናው የሚያያይዘውን ፒን በመዶሻ መቱት። ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሲወጣ ተሳቢው ከዓይናችን ጠፋ። ሳጥኖቹ ከድንጋይ ድንጋይ ሲላተሙ ለረጅም ጊዜ ሰማን።

ከቁልቁለቱ ግርጌ በጎቻቸውን ሰብስበው የሚጠብቁን ሰዎች ነበሩ። ሌላ ክትባት እስኪደርስ ብዙ በግ አለቀ።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይንጫጫል። ሰብሳቢው ለሹፌሩ ልጃቸው የሚሆን ጎልማሳ ነበር።

«ተሳቢው በማን ኃላፊነት ነበር?»

«በእኔ» አሉ ሹፌሩ ቆመው።

«ብሎኖቹን አላየሃቸውም?»

«አይቻለሁ። አልሄድም ማለት ነበረብኝ።»

ያ የብሎን መጠየቂያ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እጄን ላነሳ ሁለቴ ሞከርሁ። «ሌላ ሂስ ያለው?» አለ ሰብሳቢው። ቦርሳዬን ወንበሩ ሥር ገፋሁት። መኪናው ተወስዶባቸው የበር ዘበኛ ሆኑ።

አንድ ቀን ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ፣ «ጋሼ፣ ወረቀቱ እኮ እኔ ጋ ነው» አልኋቸው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«አንቺ ገና መጀመርሽ ነበር» አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። እዚያ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ከሩቅ ሲያዩኝ ከበርጩማቸው ይነሱ ነበር። «ኧረ ጋሼ፣ አይነሱ» እላለሁ። አይሰሙኝም። ደኅና ማደሬን ጠይቀው፣ መሪ በለመደ ሰፊ እጃቸው የቆርቆሮውን በር ገፋ አድርገው፣ እስካልፍ ድረስ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።