ከሾፌሩ ጎን ማን ይቀመጥ?

የካቲት 4 ቀን 1926 ዓ.ም.። የጭነት መኪናዬ ሳጥን ዛሬ ተሠርቶ አለቀ።

አዲስ አበባ ላይ ትንሿን ትቼ ትልቋን የመረጥኩት ከዱራሜ ቅቤና ቡና እንድታመጣልኝ ነው። ከኋላ ባዶ ብረት ስለነበረች የእንጨት ሳጥኑን የሠራላት የሆሳዕናው አናጢ ኤርጃቦ ነው።

የቀረኝ ጭንቀት አንድ ነበር። ከሾፌሩ ጎን ያለው ቦታ ለአንድ ሰው ብቻ ይበቃል፤ ነገ የሚሳፈሩት ግን አማቴና የንስሐ አባቴ ናቸው። አንዳቸውን ከኋላ ብጭን ዕድሜ ልኬን እወቀሳለሁ።

«ቀላል ነው ጌታዬ» አለ ኤርጃቦ። ወንበሩን ነቅሎ ረጅም አግዳሚ ገጠመበት። ሽማግሌዎቹን እንዲሞክሩት ጠራኋቸው።

አማቴ አግዳሚውን ዞር ብለው አላዩትም። ሳጥኑ ላይ ወጥተው ቆሙ።

«ከዚህ ገበያው በሙሉ ይታያል!»

«እርስዎም ለገበያው ይታያሉ» አሉ አባ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየተከተሏቸው።

አግዳሚው ተነቅሎ ወደ ኋላ ሄደ። የመለኪያውን ገመድ ይዤ ሳለ አማቴ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ በቀኝ በኩል የሚቀመጠው ማን ነው?»

መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ እናንተ ይህን እንዴት ተወጣችሁት? እኔ ገመዱን ለኤርጃቦ አስይዤ ሹልክ ብዬ ወጣሁ።