ፊቷን ያዞረችው ፊገርና የልጄ ግማሽ ፊት

ሰውን በመልኩና በአርአያው ፈጥሮ ለእያንዳንዱ የማይደገም ፊት የሰጠ አምላክ ስሙ ይክበር፤ በእርሱ ስም ይህን ለመጻፍ ብዕሬን አነሣሁ። ጉዳዩ እንዲህ ነው። ልጄ ታምራት እዚህ ጃፓን አገር ፊገር የሚሏቸውን፣ ከአኒሜ ማለትም ከጃፓኖች የካርቱን ፊልም የተቀዱ ትንንሽ ምስሎች ይሰበስባል። እንደ እርሱ የሚሰበስቡ፣ ትዳር የያዙ፣ ጢማቸው ሽበት የጀመረው የአገሬ ልጆች በየአገሩ አሉ፤ በስልክ እየተገናኙ ስለ ምስሎቹ ይወያያሉ። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ መሆኔን በሰሙ ጊዜ፣ ልጄ በመጨረሻ ስለገዛት ፊገር አስተያየቴን እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። እጽፋለሁ። ነገር ግን እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ሳልናገር ስለ እርሷ መናገር አይሆንልኝምና አንባቢ ይታገሠኝ።

ከአንኮበር የወጣሁበት ማለዳ ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን ሁሉ ሸፍኖት ነበር። የባለቤቴ የወይዘሮ አስካለ እናት አልጋ ከያዙ ቆይተዋልና አብራኝ መምጣት አልቻለችም። በሶ በሁለት ከረጢት ቋጥራ፣ የበግ ፀጉር ባናዬን አጥፋ፣ ጎረቤላ ከተማ፣ መኪናው እስከሚቆምበት ሸኘችኝ። ልጃችን ከአገር ከወጣ ያን ጊዜ ዘጠነኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። በስልክ በምስል ሲያነጋግረን ብዙ ዘመን ሁልጊዜ በቀኝ ጎኑ ነው፤ አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ ግማሽ አፍንጫ። ይህ ለሌላ እናት ምንም ላይሆን ይችላል። አስካለ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ቀለም ስትፈጭልኝ የኖረች ሴት ናት። በእኛ የሥዕል ሥርዓት ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ሰይጣንና ከሐዲ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮቱ በኩል እጄን ያዘች።

«መሪጌታ፣ ሄደው ሙሉ ፊቱን አይተው ይንገሩኝ» አለችኝ። ሌላ አደራ አልሰጠችኝም።

ከደብረ ብርሃን እስከ ጫጫ ያለውን የገብስ ማሳ በመስኮት እያየሁ ወረድኩ። ገብሱ ወደ እኔ የሚያጎነብስ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ከአውሮፕላን ስወርድም የመጀመሪያ ክርክሬ በገብስ ነው። ነጭ ጓንት ያደረገ ሹም በሶዬን አገኘና በእጁ የያዛት አስተርጓሚ መሣሪያ በአማርኛ እንዲህ ትለኝ ጀመር።

«ይህ ዱቄት ለምን ይጠቅማል?»

«ለሰው ይጠቅማል።»

«ምን ያህል ጊዜ ይቆያል?»

«በሶው ነው ወይስ እኔ?»

መሣሪያይቱ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ይህን መልሴን ለመተርጎም ብዙ ደከመች። ሹሙ መሣሪያይቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ጎንበስ ብሎ አሳለፈኝ።

በር ላይ ልጄ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሊስመኝ ዝቅ ሲል ሙሉ ፊቱን አየሁት። ከግራ ዓይኑ ሥር እስከ አገጩ ድረስ ቆዳው ተኮማትሯል፤ ልክ እሳት የነካው ብራና። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በሚሠራበት የምግብ ፋብሪካ፣ የፈላ ዘይት ረጭቶት እንደሆነ በባቡር ውስጥ ወደ መስኮቱ እያየ ነገረኝ። ቤት እንደገባን የዳዊት መጽሐፌን አስይዞ ለእናቱ እንዳልናገር ቃል አስገባኝ። እኔ ደካማው ቃል ገባሁ።

ለሦስት ወር የመጣሁ ሰው እነሆ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ለሰው የምነግረው ምክንያት ጉልበቴ ነው፤ እውነቱ ግን አስካለ ፊት ቆሜ ምን እንደምላት ስለማላውቅ ነው። በስልክ በጠየቀችኝ ቁጥር «ሁለቱም ዓይኖቹ ደህና ናቸው» እላታለሁ። እውነት ነው፤ ዓይኖቹ ደህና ናቸው። እንዲህ ዓይነት እውነት ከውሸት ይልቅ እንቅልፍ እንደሚነሣ ያወቅሁት በዚህ ዕድሜዬ ነው።

አገሩ ክፉ አይደለም። ሰዉ እጅ መንሣት ያውቃል፤ ሲያጎነብስ ደብተራ ይመስለኛል። ብርዱ ግን የእኛ ብርድ አይደለም። የደብረ ብርሃን ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ይሸሻል፤ የዚህኛው ከእኛ ጋር ቤት ውስጥ ይቀመጣል። የቤቱ ባለቤት፣ ኦያ-ሳን የሚሏቸው ሽማግሌ፣ በመጣሁ በሳምንቱ በር አንኳኩ። ንጋት ላይ የሚያቃስተው ሰው ሐኪም ያስፈልገው እንደሆነ ሊጠይቁ ነው። ልጄ አባቴ ፈጣሪውን እያመሰገነ ነው ብሎ አስረዳቸው። አሰብ አድርገው «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ማመስገን አይችሉም ወይ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ውዳሴዬን በሹክሹክታ አደርሳለሁ። እኒሁ ሽማግሌ ግን በበጋ ሙጊቻ የሚሉትን የተቆላ ገብስ ውኃ በጠርሙስ ያመጡልኛል። የመጀመሪያውን ጉንጭ በአፌ ይዤ ሳልውጥ ቆየሁ፤ የአስካለ የቆሎ ምጣድ ሽታ ነበረና ብውጠው የሚያልቅ መሰለኝ።

አሁን ወደ ፊገሯ ልምጣ። ቁመቷ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ነው። በበረዶ ተራራ ላይ የአገሯን መንገድ የምትፈልግ፣ መብራት የያዘች ልጃገረድ ናት። የተሠራችው ከፕላስቲክ ነው፤ ነገር ግን ነፋስ የወሰደው ካባዋ ጫፍ እንደ ቅጠል ስስ ነውና የቀረጸውን እጅ አከብራለሁ። በካባው እጥፋት ውስጥ ሰማያዊው ከጥቁር ወደ ብርሃን የሚሄድበት መንገድ እኔ ቀለም ሦስት ጊዜ ደራርቤ የማላገኘው ነው። የፀጉሯ መገጣጠሚያ ከኋላ በጥቂቱ ይታያል፤ የአንገቷን ግን በሻሽ ሸፍነውታል፣ ብልኃት ነው። ዓይኖቿ በእጅ አልተሣሉም፣ በማሽን የታተሙ ናቸው። ሆኖም ትልልቅና ክፍት ናቸው፤ በእኛ ቅዱሳን ሥዕል ላይ ያሉትን ዓይኖች አስታወሱኝ፣ ይቅር ይበለኝ። እግሯን ከመቆሚያዋ ጋር የሚያያይዘው እንጨት መሳይ ፕላስቲክ ቀጭን ነውና በኃይል አትጫኑ። ሙቀት ያጎብጣታል፤ ፀሐይ ቀለሟን ትበላዋለች። ሌላ የማነሣው ነቀፋ ልብሷን ነው፤ በዚያ ካባ አንኮበርን በሐምሌ የሚሻገር ሰው የለም።

ከእርሷ ጋር ያጣላኝ ግን አቋቋሟ ነው። ልጄ በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ በጎን አቁሟታል፤ ከበሩ ለሚገባ የምትታየው በአንድ ዓይን ነው። እርሱ ወደ ሥራ ሲሄድ ሣጥኑን ከፍቼ ፊቷን ወደ ቤቱ መለስኩ። ማታ ተመልሳ ዞራለች። በማግስቱ መለስኩ፣ ዞረች። እንዲሁ ስናደርግ ሳምንት ሊሞላን ሆነ። በመጨረሻ ራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት የሚያዞሯት?»

«እኔ ነኝ። በአንድ ዓይን ከምታየኝ ጋር አንድ ቤት አላድርም።»

ሳቀ። ሲስቅ ከሰማሁት ብዙ ወር ሆኖኝ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ አወጣትና መብራት ሥር ይዞ ግራ ጉንጯን አሳየኝ። ከዓይኗ ሥር የጤፍ ፍሬ የምታህል ቡናማ ቀለም ፈስሳለች፤ የፋብሪካ ስህተት ናት፤ እኔ በየቀኑ ሳዞራት ዓይኗን ብቻ እያየሁ ጉንጯን አላየሁም ነበር። ቀጭኑን ብሩሼን አምጥቼ ላስተካክላት አልኩት። እጁን ዘርግቶ ከለከለኝ፤ ሌላ ቀለም የነካት ፊገር ከሰብሳቢዎቹ ዘንድ አትቆጠርም አለኝ። ታዲያ ለሻጩ ለምን አልመለስካትም፣ ጓደኞችህ ይለውጡልሃል ሲሉ ሰምቻለሁ ብዬ ጠየቅሁት።

በጣቱ የካባዋን ጫፍ ዳሰሰ።

«ብመልሳት እኮ ይጥሏታል፣ አባባ።»

ጉንጩን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። 

«እናትህ ዕቃ መላሽ አይደለችም» አልኩት።

 ፊገሯን ወደ ሣጥኗ መለሳት፤ በጎን አቆማት፤ ተኛ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንኮበር ረፋድ ላይ፣ አስካለ ከቅዳሴ ተመልሳ ደወለች። እኔ እንደ ልማዴ ከስልኩ ዳር፣ ትከሻዬ ብቻ በሚታይበት ተቀምጫለሁ። ታምራት ስልኩን በቀኝ እጁ ይዞ እንደ ወትሮው በጎን ጀመረ፤ ስለ ላሚቱ ጠየቀ፣ ስለ አያቱ ጠየቀ።   ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ የሙጊቻው ጠርሙስ ላይ አስደገፈና ዞረ።

 ኔትወርኩ ተቋረጠ ብዬ ስልኩን አየሁ፤ ነጠላዋ ሲንቀሳቀስ ይታያል።

«ከስተሃል» አለች በመጨረሻ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«በምንድን ነው?»

«በዘይት። ድሮ ነው።»

«ያምሃል?»

«አሁንማ አያመኝም። ሲበርድ ብቻ ነው።»

«እዚያ መቼ ነው የማይበርደው?» አለችና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ከዚያ ድምፅዋን አስተካክላ «መሪጌታ የት አሉ?» ስትል ሰማሁ።

«አለሁ» አልኩ ካለሁበት።

«ትከሻዎን ሁለት ዓመት አየሁት። እስቲ ወደዚህ ይዙሩ፤ ሁለቱንም ዓይንዎን ልይ።»

ዞርኩ። አርባ ዓመት ሙሉ ኃጥኡንና ጻድቁን በዓይን ቁጥር ስለይ የኖርኩት ሰው ዞርኩና አየኋት። ከጀርባዋ በሩ ክፍት ነው፤ ጉሙ ደጃፉ ድረስ መጥቷል። አልተቆጣችኝም። መቼ እንደምንመጣ ብቻ ጠየቀች። «እንመጣለን» አልን ሁለታችንም በአንድ አፍ፣ እንደ ሁልጊዜው፤ እርስዋም እንደ ሁልጊዜው ቀኑን አልጠየቀችም። ነገር ግን ስልኩን አልዘጋችም። እኛም አልዘጋንም። እስኪጨልምብን ድረስ ሦስታችን ተያየን።

ሰብሳቢዎች ሆይ፣ የጠየቃችሁኝ አስተያየት ይህ ነው። ፊገሯ በእጅ ብልኃት የተሠራች ናት፤ ግዟት፣ ከፀሐይ ጠብቋት። እንከን ያለባት ከደረሰቻችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ጥቂት ቀን አብራችኋት ክረሙ። የእኛይቱ አሁን ፊቷን ወደ ቤቱ መልሳ ቆማለች፤ ማን እንዳዞራት አልጠየቅሁም። መብራቷን ይዛ የአገሯን መንገድ እንደምትፈልግ ናት። ጠዋት ጠዋት ውዳሴዬን በሹክሹክታ ሳደርስ አያታለሁ፤ ጉሙ ይታየኛል፣ በሩም ይታየኛል፣ መኪናው የሚቆምበትም ጎረቤላ ይታየኛል።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የራቀባችሁን ሰው ፊት ሙሉውን ለማየት ያብቃችሁ። ከቤታችሁ የወጣ በደጃችሁ ይመለስ፤ በቤታችሁ ያለ በሰላም ይቆያችሁ፤ ገበታችሁ ገብስ፣ ደጃችሁ እንግዳ አይጣ። አሜን።