ጋሪ መከልከያው ድንጋይ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኮብልስቶን ሲነጠፍ እኔ መንገድ ዳር ብስክሌት እጠግን ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እየፈታሁና እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ከኋላዬ፣ ከመንገዱ የውሃ ቦይ ማዶ ባለች ክፍል፣ አንዲት ልጅ ልብስ ትሰፋለች። እግሮቿ ስለማይሄዱላት የምትመጣው በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ወንበር ነው። ቦዩ ላይ የተጋደሙት ግንዶች ለጎማ ስለማይመቹ፣ ጠዋትና ማታ ወንበሯን ከኋላ ይዤ አሻግራት ነበር። የምናወራውም ያኔ ብቻ ነው።

አንጣፊዎቹን የሚመራው ልጅ ቴክኒክና ሙያ የተማረ፣ ተጫዋች ሰው ነበር። ግንዶቹን አየና፣

«በዚህ ነው እንዴ የምትሻገሪው? ቆይ፣ ድልድይ እሠራልሻለሁ» አላት።

ሳቀች። ሁለት ዓመት ሳሻግራት እንዲያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። በግንዶቹ ፈንታ ጣውላ መምታት እኔም አያቅተኝም ነበር። አልፈለግሁም እንጂ።

ድልድዩን በሲሚንቶ ሠራው። ስህተት ፍለጋ ከዳር እስከ ዳር አየሁት፤ ተዳፋቱ ረጋ ያለ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። በመጨረሻ ግን የከተማችን ሰው ሁሉ በደጁ እንደሚያደርገው፣ ጋሪ ወጥቶ እንዳይሰብረው መግቢያው ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ተከለ። ምሳ ሲሄዱ መካከላቸውን በሜትር ለካሁት። ሰባ ሁለት ሳንቲሜትር። የእሷ ወንበር ከኋላ ጎማ እስከ ጎማ ሰባ ስምንት ነው፤ ዘንጉን ያስበየድኩላት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ሲሚንቶው በደረቀ ጠዋት ልይዝላት ስነሣ፣ «ዛሬስ ተወኝ» አለችኝ። የፊተኛው ጎማ አለፈ፤ የኋላዎቹ ድንጋዮቹን ገጭተው ቆሙ። ወደ ኋላም አልመለስ አሏት። አንድ ባለጋሪ ፈረሱን ገታ አድርጎ፣

«አንቺንም እንደኛ ከለከሉሽ? እንግዲያው ለወንበርሽ ፈረስ ፈልጊላት» አለ። መንገደኛው ሳቀ። እሷ መሪውን እንደጨበጠች አንገቷን ደፋች።

«ለሰው ይበቃል ብዬ ነው» አለ ልጁ እየሮጠ መጥቶ።

«ስድስት ሳንቲሜትር ይጎድለዋል» አልኩ።

ዞራ አየችኝ። «መቼ ለካኸው?»

«እንደተከለው። ሐሙስ።»

«ዛሬ እኮ ሰኞ ነው።»

ዲጅኖ አምጥቼ አንደኛውን ድንጋይ ነቀልኩት። ልጁ ከጎኔ ተንበርክኮ፣ «ስንት እናድርገው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ በንጹሕ ልቡ። ይህም አበሳጨኝ።

«ዘጠና። ክርኗን እንዳይነካት። ጋሪ በዘጠና አያልፍም።»

አለፈች። ለእሱ «እጅህ ይባረክ» አለችው። እኔን አልፋ ክፍሏን ልትከፍት ሄደች።

ማታ ክፍሏን ስትዘጋ ብስክሌት ገልብጬ የተነፈሰ ከመነዳሪ እለጥፍ ነበር። ጎማዎቿ ከሲሚንቶው ወደ ኮብልስቶኑ ሲወርዱ ሰማሁ። ቀና አላልኩም።