ጂቪ የተቀባችው ውሻ

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በሰፈራችን አለፈች። "ውሻ ያላችሁ ውሻችሁን እሰሩ! ከነገ ጀምሮ መርዝ ስለሚጣል..." ትላለች፣ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ። እኔ ውሻ የለኝም። ቢሆንም የምቀነጥሰውን ጎመን ጥዬ በሁለት እጄ ሆዴን ያዝኩ። መኪናዋ ወደ ታችኛው ገበያ እስክትወርድ ድረስ እንደያዝኩ ቀረሁ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሆዴ ግን ያን ፍርሃት እንደ ትናንት ያስታውሰዋል።

ባለቤቴ ይርጋ ካረፈ አምስተኛ ወሩ ነው። እሱ ቢኖር ድምፁን ሲሰማ ከጓዳ ወጥቶ አጠገቤ ይቆም ነበር። ለምን እንደምፈራ ከሱ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ብቻዬን የማውቀው ነገር ስለሆነ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ በቀን ግማሽ ገጽ ከሞላልኝ ደህና ውያለሁ እላለሁ።

ያን ጊዜ ጭሮን ሁላችንም አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ተቀጥሬ፣ የበሽተኛ ስምና የመጣበትን ቀበሌ እጽፍ ነበር። ሥራው አይከብድም፤ የሚከብደው አንዳንዱን ካርድ መርሳት ነው። በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ከመሰላ በኩል አንድ ገበሬ በቃሬዛ አመጡ። ውሻ ነክሶት ቁስሉ ከዳነ ሁለት ወር አልፎታል። በጣሳ ውኃ ሲያቀርቡለት ጉሮሮው ተናነቀና ጣሳውን በክንዱ መታው። ውኃው ወለሉ ላይ ሲፈስ ድምፁን እንኳ መስማት አልቻለም፤ ጆሮውን ይዞ ጮኸ። ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ካርዱን ከሕያዋን መደርደሪያ አንስቼ ወደ ሌላው ያዛወርኩትም እኔ ነኝ።

ይርጋ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የባዮሎጂ መምህር ነበር። ረዥም ነው፤ ሲናገር ዓይኑ ሰው ላይ ሳይሆን ከሰው በስተኋላ ባለ ነገር ላይ ነው። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ መጥቶ፣

"ጂቪ ፈልጌ ነበር" አለኝ። ጂቪ ቁስል የሚቀባ ሐምራዊ መድኃኒት ነው፤ ቆዳ ላይ ከዋለ በቀላሉ አይለቅም።

"ምንዎን አቆሰሉ፣ መምህር?"

"እኔን አይደለም። ውሻ ልቀባበት ነው።"

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሱ አልሳቀም። በከተማው ውሾች አብደዋል ተብሎ መርዝ ሊጣል ቀን ተቆርጦ ነበር። ባለፈው ዓመትም ተጥሎ፣ ውሾቹ አልቀው፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ተመልሰው ሞልተዋል።

"ተመልሰው አይደለም፣ ሌሎች ናቸው" አለኝ። "ውሻ የሚኖረው በሚበላው ልክ ነው። ቄራው ሥር የሚጣለው አንጀትና አጥንት ስልሳ ውሻ የሚያኖር ከሆነ፣ ስልሳውን ብትፈጂ ከየገጠሩ ስልሳ ይመጣል። ቦታው ላይ ሲጣሉ ይናከሳሉ፤ ሲናከሱ በሽታው ይዛመታል። መርዙን ደግሞ አሞራውም ጅቡም ይበላዋል። ከዚያ በኋላ ጥንቡን ማን ያነሳዋል?" ይህን በቁጥር አሳይቶ፣ ከመርዙ በፊትና በኋላ ቆጥሮ፣ ለሚመለከታቸው ሊነግር ነው የፈለገው።

ጂቪውን ሰጠሁት። ቀጥሎ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ ለራሴም ሳልነግር፣ ለመቁጠር አብሬው ወጣሁ።

መስከረም ነበር። ከከተማዋ በላይ ያሉት ተራሮች አረንጓዴ ለብሰው፣ በመንገዱ ዳር የማሽላ እሸት ይጠበሳል። ይርጋ ከሥጋ ሻጮች ሳንባ ገዝቶ ይጥላል፤ ውሾቹ ሲሻሙ ረዥም እንጨት ጫፍ ላይ በታሰረ ጨርቅ ጀርባቸውን ጂቪ ያስነካቸዋል። ሃያ ቀባን። ልጆች "ቆጣሪው መጣ!" እያሉ ይከተሉታል። ከሳምንት በኋላ እንደገና ወጥተን ያገኘነውን ሁሉ እንቆጥራለን። ካየናቸው ውስጥ ሲሶው ምልክት ካለበት፣ የቀባናቸው ሃያዎቹም የጠቅላላው ሲሶ ናቸው ማለት ነው፤ ስለዚህ ጠቅላላው ስልሳ ይሆናል። አንዱንም ሳታስር፣ ሁሉንም ሳታይ፣ ስንት እንደሆኑ ታውቃለህ። እንዲህ ዓይነት ብልኃት በዓለም ላይ መኖሩ ደንቆኝ ነበር።

ሁለተኛው ቆጠራ ሐሙስ ረፋድ ላይ ሆነ። መርዙ የሚጣለው በማግስቱ ነው። ቄራው ሥር ካለው ቦይ በወዲህ እኔ፣ በወዲያ እሱ ሆነን እንቆጥራለን። አንዲት ግራጫ ውሻ ጀርባዋን ሰጥታኝ አጥንት ትግጣለች። ጀርባዋ ላይ ያለው ጥላ ይሁን ጂቪ አልለይ አለኝና ጎንበስ ብዬ ቀረብኩ። ዘወር ስትል አላየኋትም። ባቴ ላይ እንደ እሳት የሆነ ነገር ተሰማኝ፤ ቀና ስል ሐምራዊ ጀርባዋ ቦዩን ተሻግሮ ሲጠፋ ብቻ አየሁ።

ይርጋ እየዘለለ መጣ። መጀመሪያ ያለኝን ቃል አርባ ዓመት ሙሉ ሳነሳበት ኖሬያለሁ።

"ምልክት ነበራት?"

ነበራት አልኩት። እርሳሱ ወደ ደብተሩ ሄደ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ደሙን አየና ፊቱ አመድ መሰለ።

ጤና ረዳቱ ቁስሌን በሳሙናና በውኃ ለረዥም ጊዜ አጠበው። ቀጥሎ የተናገረው ዛሬም በጆሮዬ አለ። "ውሻዋን ይዛችሁ እሰሯት። አሥር ቀን በደህና ከቆየች በሽታው የለባትም። ከሞተች ወይም ከጠፋች ግን አንድ ቀን እንዳታድሪ፤ አዲስ አበባ ሄደሽ በእምብርትሽ ዙሪያ መርፌውን ትወጊያለሽ።" እዚያ የቆምነው ሁሉ ያንን የመሰላውን ገበሬ አስታውሰናል፤ ስሙን ግን ማንም አላነሳም።

ነገ ጠዋት ከተማው በሙሉ የተመረዘ ሥጋ ይበተንበታል። ሕይወቴ ያለው ደግሞ አንዲት ግራጫ ውሻ ሆድ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ስንሮጥ ዋልን። አሥር ሰዓት ገደማ አዴ ሞሚና የጫት መጠቅለያ ዳስ አጠገብ አንዲት ግራጫ ውሻ ተኝታ አገኘን፤ ጀርባዋ ላይ ጂቪ አለ።

"እሷ ናት?" አለኝ ይርጋ።

"እሷ ናት" አልኩ። እሷ እንድትሆን ስለፈለግኩ ነው እንጂ ፊቷን መች አየሁት።

አዴ ሞሚና በሙዝ ቅጠል ጫት ጠቅልለው የሚነግዱ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አዴ፣ እናቴ፣ የሚላቸው ሴት ነበሩ። ውሻ ግቢያቸው አይገባም፤ እምነታቸው አይፈቅድም። ይርጋ ብቻውን ገብቶ አነጋገራቸውና የፍየሎቹን ጉረኖ ጥግ ፈቀዱለት። ምን እንዳላቸው አልጠየቅኩም።

ዓርብ ጠዋት ከተማዋ ጸጥ አለች። ጋሪዎች በየመንገዱ የሞቱትን ሲለቅሙ ዋሉ። ቅዳሜ አሞራዎችም ወድቀው አየሁ። እኔ በየቀኑ ሥራ ከመግባቴ በፊት አዴ ሞሚና ግቢ እሄዳለሁ። ፍየሎቹ ከጫት የተረፈውን ገራባ ይቆረጣጥማሉ፤ ውሻዋ ጅራቷን ትቆላልኛለች። ውኃ አስቀምጥላትና ስትጠጣ ቆሜ እቆጥራለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጉንጭ። ከዚያ በኋላ ብቻ እኔም ቁርስ ይወርድልኛል። ለእናቴ ቁስሉ የሽቦ ነው ብያታለሁ።

በስድስተኛው ቀን አዴ ሞሚና በቡና ገለባና በወተት የተፈላ ሆጃ ሰጥተውኝ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ዛሬም በላች፣ አዴ?"

"በላች እንጂ! ከፍየሎቼ ትበልጣለች። አቦ፣ ይቺን ውሻ ምን አድርጋሽ ነው እንዲህ የምትመላለሺው? ልትድሪያት ነው?"

ሳቅኩ። ስድስት ቀን ሙሉ ስላልሳቅኩ አፌ ተፈታ። "እሷ ደህና ከሆነች እኔም ደህና ነኝ፣ አዴ። የነከሰችኝ እኮ እሷ ናት።"

"ይቺ? መቼ?"

"ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ቄራው ጋ።"

የያዙትን የጫት እስር ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። "ሐሙስ? ወላሂ አልነከሰችሽም። ሐሙስ ከንጋት ጀምሮ ከበደሳ የመጣውን ጫት ስናራግፍ እዚሁ በር ላይ ነበረች። ሁለት ጊዜ በዱላ ያባረርኳት እኔ ነኝ። መምህሩ ከመርዝ ላትርፋት ብሎ አይደል የሰጠኝ?"

ሆጃው እጄ ላይ ፈሰሰ። ማቃጠሉን የሰማሁት ትምህርት ቤቱ በር ስደርስ ነው። ይርጋን ከክፍል አስጠራሁት። እስከዚያ ቀን "እርስዎ" ነበር የምለው።

"ለምን አልነገርካቸውም? ለምን?"

"ታማ ይሆናል ካልኳቸው ፍየሎቻቸው መሃል አያስሯትም ብዬ ፈራሁ።"

"ብትነግራቸው ኖሮ በዚያው ሰዓት አይደለችም ይሉህ ነበር! ስድስት ቀን፣ ይርጋ! ስድስት ቀን የሌላ ውሻ ውኃ ስቆጥር!"

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። "ሃያ ቀባን" አለ በዝግታ። "ሃያውንም አንድ ዓይነት። ስንት እንደሆኑ ነበር ማወቅ የፈለግኩት። የትኛዋ እንደሆነች የሚጠይቀኝ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።"

እውነተኛዋ ወይ በመርዙ ሞታ ከሌሎቹ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ናት፣ ወይ ሸሽታለች፣ ወይ አብዳ የሆነ ጫካ ውስጥ ትዞራለች። ማወቂያ የለም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በአውቶቡስ ተነሳን። እናቴ እውነቱን ሰምታ፣ አልቅሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ መሃላችን ተቀመጠች። ይርጋን ቀና ብላም አታየውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "አንተ ቆጣሪ፣ አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። አንድ። ለእሷ ደብተር አያስፈልግህም" አለችው።

ያ መንገድ አልቆልኝ የማያውቅ መንገድ ነው። ወደ ቆላው እየወረድን ስንሄድ ሙቀቱ ጉሮሮዬን ማድረቅ ጀመረ። ሰው ቆላ ሲወርድ ጉሮሮው ይደርቃል፤ እኔ ግን መጥቷል አልኩ። የአሰቦት ተራራ ከሩቅ ሲታይ እናቴ አማተበች፤ እኔ ያን ጊዜ በፕላስቲክ ከያዝነው ውኃ ተጎነጨሁ። ወረደልኝ። ሚኤሶ ስንደርስ እንደገና ተጎነጨሁ። አዋሽ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ዓይኔን ጨፍኜ ጠጣሁ፤ አፌ ውስጥ ያዝኩት፣ አልዋጥ አለኝ። ፍርሃቱ ራሱ ጉሮሮዬን ዘጋው። ያ ሰውዬ፣ ጣሳው፣ ወለሉ ላይ የፈሰሰው ውኃ ታየኝ። ይርጋ ከእናቴ ወዲያ ሆኖ አንገቴን ያያል።

"ዘነበች፣ ዋጪው" አለ። "እባክሽ።"

ዋጥኩት። እሱ ነው ያለቀሰው።

መርፌውን ሁለት ሳምንት በየቀኑ ወጉኝ። ሆዴ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። አክስቴ ቤት አርፌ ነበር፤ ይርጋ በየጠዋቱ ይመጣና እስከ መርፌው ክፍል ይሸኘኛል። አንድም ቀን አልቀረም፤ ከትምህርት ቤቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎበታል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ግን መርፌም አላዳነኝም። እጄን በታጠብኩ ቁጥር፣ ዝናብ ጣሪያውን በመታው ቁጥር ራሴን አዳምጣለሁ። ዓመቱ ካለፈ በኋላ ተጋባን። ያቺ ውሻ ታማ ነበረች ወይ፣ መርፌው ነው ያዳነኝ ወይስ በከንቱ ነው የተወጋሁት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አርባ ዓመት የኖርኩት ይህን ሳላውቅ ነው።

ይርጋ ኅዳር ላይ ብቻውን ወጥቶ እንደገና ቆጥሮ ነበር። ውሾቹ ስልሳ ሊሞሉ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ሐምራዊ ጀርባ ያላት ከአዴ ሞሚና ጉረኖ የተፈታችው ብቻ ነበረች። እንዳለው ሆነ። ለሚመለከታቸው ሊናገር ጽፎ ያዘጋጀውን ወረቀት ግን አልወሰደውም። "ልክ ነበርኩ" አለኝ፣ "ልክ መሆኔን ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል።" ከዚያ ወዲህ ይህን ስሌት ሲያስተምር ሰሌዳው ላይ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ለተማሪዎቹ፣ "ስንት እንደሆኑ ይነግራችኋል፤ የትኛው እንደሆነ አትጠይቁት" ይላቸው ነበር። ለምን እንዲህ እንደሚል የሚያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

ይህን የመጨረሻውን ገጽ የምጽፈው ዛሬ ነው። ትናንት የደም ግፊት መድኃኒቴን ልገዛ ወጥቼ ነበር። ከመድኃኒት ቤቱ ማዶ፣ ጥላ ያለው አግዳሚ ላይ፣ አራት ጡረተኞች ሁልጊዜ ጠዋት ይቀመጣሉ። ይርጋ ከአራቱ አንዱ ነበር፤ በስተቀኝ ጫፍ። ካረፈ ወዲህ በዚያ በኩል ማለፍ ስለፈራሁ በላይኛው መንገድ ስዞር ከርሜያለሁ። ትናንት ጉልበቴ ስለደከመ በዚያው አለፍኩ። ቀና ብዬ አየሁ። አራት ነበሩ። እንደገና ቆጠርኳቸው፣ አራት። በስተቀኝ ጫፍ የማላውቀው ሰው፣ ደህና የሚመስል ሰው፣ ከዘራውን በጉልበቱ መሃል አቁሞ እያወራ ይስቃል። ሌሎቹም ይስቃሉ። ከሩቅ የሚያይ ሰው ከአግዳሚው ላይ ማንም አልጎደለም ይላል። መድኃኒቱን ሳልገዛ ተመለስኩ፤ ዛሬ ደግሞ እዚህ ደብተር ላይ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ጻፍኩ።