የተሻሻለው ኮምፒውተሬ የኔትወርክ ካርዱን ካደ

ዛሬ ጠዋት መካነ ሰላም ባለችው የኢንተርኔት ሱቄ ውስጥ ኮምፒውተሬ "የኔትወርክ ካርድ የሚባል ነገር የለኝም" ብሎ ድርቅ አለ።

ትናንት የሚሠራበትን ሲስተም፣ ሊኑክሱን፣ አፕዴት አድርጌው ነበር። ተሻሽሏል ማለት ነው።

መሻሻሉን ያየሁት የሰፈራችን መሪጌታ ልጃቸውን ይዘው ሲገቡ ነው። ልጅቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ዩኒቨርሲቲ የምትመርጥበት የመጨረሻው ቀን ደግሞ ዛሬ ነው። በስልኳ ብትሞክር ገጹ አልከፈት ብሏታል።

ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። አጥፍቼ አበራሁ። "ያሉህን የኔትወርክ መስመሮች አሳየኝ" ብዬ ሳዘው አንድ ብቻ አመጣ፤ ኮምፒውተሩ ከራሱ ጋር ብቻ የሚያወራባትን። ስብሰባ ላይ እንዲህ ዓይነት ሰዎች አውቃለሁ።

"ልጄ፣ ኔትወርክ የለም እንዴ?" አሉኝ መሪጌታ።

"ኔትወርኩስ አለ፣ የኔታ። መቀበያው ነው የጠፋው።"

"እንግዳው ደጅ ቆሞ በሩ ጠፋ በለኛ! አብሽር፣ እንጠብቃለን።"

ልጅቱ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ከፍቼ ሳየው ካርዱ በሰላም እቦታው ተሰክቷል። ለካ የጠፋው ካርዱን የሚያሠራው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ነው፤ አዲሱ ከርነል፣ የሊኑክሱ እምብርት፣ ሳይዘው መጥቷል። እንደገና አስነስቼ የድሮውን ከርነል መረጥኩ። ያ "ያረጀው" ካርዱን ወዲያው አወቀው።

ልጅቱ "ምርጫዎ ተልኳል" የሚለውን ስታነብ አባቷ ላይ ተጠመጠመች። እሳቸውም መርቀውኝ፣ "ሁለተኛ እንዳታሻሽለው" ብለው ወጡ።

ኮምፒውተሩ አሁንም "አዲስ ማሻሻያ አለ" እያለ ይለማመጠኛል።

እናንተስ፣ "እናሻሽልላችሁ" ተብላችሁ የነበራችሁን ያጣችሁት ምንድን ነው? ኮመንት ላይ ንገሩኝ፤ ብቻዬን አልናደድ።